ሁለት ባትሪ ለጋሽ ላሳይህ

ሰነፍ አለቃ ሠራተኛን ያሰንፋል ይባላል። ውሸት ነው። ሰነፍ አለቃ ያለው ሠራተኛ ሳይወድ በግዱ ይሠራል፤ የሚሠራለት የለማ። ሰውን እጅና እግሩ እያለ ሽባ የሚያደርገው ታታሪ አለቃ ነው። በጠዋት የሚገባ፣ እጅጌውን የሚሰበስብ፣ የያዝከውን ከእጅህ ላይ ወስዶ "ቆይ፣ ላሳይህ" የሚል አለቃ።

ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቢሮ ውስጥ ከሆነ "እስኪ አንዴ ፈቀቅ በል" ብሎ ወንበርህ ላይ ይቀመጥና የጀመርከውን ደብዳቤ ይጨርስልሃል። ወጥ ቤት ውስጥ ከሆነ ማማሰያውን ይወስዳል። መኪና ውስጥ ከሆነ አጠገብህ ተቀምጦ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። የኛው የሆስፒታል ጥገና ክፍል ኃላፊ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸው የሚጠራው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። እኛ ፊት ለፊት "ጋሽዬ"፣ ዞር ሲሉ "ክቡር ጋሽ ላሳይህ" እንላቸዋለን።

ክፍላችን ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ ሥር ያለች አንድ ሰፊ ክፍል ናት። ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ አለ፤ ጫፉ ላይ ብረት ጨምድዶ የሚይዝ ሞርሳ ታስሯል። ግድግዳው ላይ የየመሣሪያው ቅርጽ በቀይ ቀለም ተሥሏል፤ እዚህ ፒንሳ፣ እዚህ ካቻቪቴ፣ እዚህ መዶሻ። ሥዕሎቹ አሉ። መሣሪያዎቹ ግን የጋሽ ላሳይህ ቱታ ኪስ ውስጥ ናቸው። ሲራመዱ ይንኳኳሉ። መምጣታቸውን የምናውቀው በዚያ ነው፤ ብናውቀውም ግን ምንም አናደርግም። የምናደርገው ነገር ኪሳቸው ውስጥ ነው።

እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ። የትኛው ማሽን መቼ ተበላሸ፣ ምን ሆነ፣ ማን ጠገነው፤ ይህን እጽፋለሁ። ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመጀመሪያዋን ገጽ ከፍቼ ቀኑን ልጽፍ ብዕር ሳነሳ "ቆይ፣ ላሳይህ" አሉና ብዕሩን ተቀብለው ቀኑን ጻፉልኝ። ተሳስተው። አንድ ቀን ቀድመው ነበር።

ከኔ ሌላ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራ፣ ወይም ሲሠራ ያየ። የእናቶች ክፍል መታጠቢያ የፈሰሰ ዕለት ተከትያቸው ሄጄ ነበር። ከመታጠቢያው ሥር የጋሽ ላሳይህ ሁለት እግር ብቻ ወጥቶ ይታያል። ቧንቧ ሠራተኛው በርከክ ብሎ ባትሪ ያበራል።

"ጋሽዬ፣ ይውጡ፤ እኔ ልግባ።"

"ቆይ፣ ይቺን ብቻ ላሳይህ።"

"ባለፈው ሳምንትም ያሳዩኝ ይቺኑ ነው።"

"አልገባህማ! ቢገባህ መች ትፈስ ነበር? ባትሪውን ወደ ግራ አድርግ።"

ቧንቧ ሠራተኛው ወደኔ ዞር አለ። "ሰው በአሥራ ስድስት ዓመት ስፔሻሊስት ሐኪም ይሆናል" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ። "እኔ ባትሪ ያዥ ሆንኩ። ግን ልንገርህ፣ በዚህ ከተማ እንደኔ ባትሪ የሚይዝ የለም።"

"ወደ ግራ አልኩህ!" አሉ እግሮቹ።

ነገሩ በሥራ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ደም ልትቀዳ የመጣችውን ነርስ ክንዳቸውን ራሳቸው አስረው "እዚህ ጋ፣ ላሳይሽ" ብለዋታል። ፀጉር አስተካካዩን "ምላጭ እንዲህ አይያዝም" ብለው ሊያሳዩት ሲሉ ግማሽ ጢማቸውን ብቻ ይዘው ቤት ገብተዋል። ይህን የነገሩን ባለቤታቸው ናቸው። እኚህ ሴት ደግሞ በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ አምፖል ቀይረው እንደማያውቁ ይናገራሉ። "ሲሞቱ" አሉን አንድ ቀን፣ "ቆፋሪውን ፈቀቅ በል የሚሉ ይመስለኛል።"

ሁለተኛዋ ኤሌክትሪሺያኗ ናት። ዲፕሎማዋን ይዛ ከመጣች ሰባት ዓመቷ። በመጀመሪያ ደመወዟ እጀታው ቀይ የሆነ ፒንሳ ገዛች፤ ጥሩ ዕቃ ነው። የፒንሳው ቀይ እጀታ ዛሬ ተልጦ ነጥቷል። የላጡት ግን የሷ መዳፎች አይደሉም።

"ጋሽዬ፣ እኔም እጅ አለኝ እኮ" ትላለች።

"አውቃለሁ፣ ልጄ። ፊውዙን አቀብይኝ።"

እሷም ታቀብላለች፤ ከዚያ ወንበር ስባ የማሽኖቹን መጽሐፍ ታነባለች። ሌላ ምን ታድርግ? በሰባት ዓመት ውስጥ መደርደሪያው ላይ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ አንብባለች። ጋሽ ላሳይህ መጽሐፍ አይወዱም። ማሽን የሚገባው በእጅ ነው ባይ ናቸው። በተለይ በመዶሻ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ አውቶክሌቭ አለ፤ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን በእንፋሎት የሚያፀዳ ትልቅ ማሽን ነው። እሱ ከቆመ ቀዶ ሕክምና ይቆማል። በየወሩ ገደማ የማምከኛ ክፍሏ ሲስተር ትደውላለች፤ "በሩ እንፋሎት እያስወጣ ነው!" ጋሽ ላሳይህ ይሮጣሉ፤ እኛም እንከተላለን። በሩን ይከፍታሉ፣ የበሩን ማሸጊያ ጎማ ይቀይራሉ፣ የበሩን ክንድ ሦስት ጊዜ በመዶሻ ይመታሉ፣ ይዘጋሉ። እንፋሎቱ ይቆማል። "አያችሁ?" ይላሉ። አይተናል። ከማየት ሌላ ሥራ የለንም።

ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው መዝገቡን ያስሞሉኛል። "ሥራውን ያከናወነው" የምትል ዓምድ አለች። "የፎቁ ፓምፕ፦ ቧንቧ ሠራተኛው። አውቶክሌቩ፦ ኤሌክትሪሺያኗ።" ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደዚያው ጻፍኩ። ምክንያቱ ገብቶኛል ብዬ ነበር። የሆነ ቀን አንድ ማሽን ፈንድቶ ሰው ቢጎዳ ተጠያቂው ስሙ የተጻፈው ነው። ክቡርነታቸው ሥራውን ለራሳቸው፣ ጣጣውን ለኛ አከፋፍለውታል አልኩ። ይህን እያሰብኩ ዝም ብዬ መጻፌ ስለኔ ምን እንደሚል አውቃለሁ። እኔ ግን አለቃ አይደለሁም፤ ጽሑፉም ስለኔ አይደለም።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ።

ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ ሆስፒታል ሊከፍት ነው፤ የጥገና ክፍል ኃላፊ ይፈልጋል። መዝገቦችን አገላብጦ አንድ ስም አግኝቷል። አንድን አውቶክሌቭ በሰባት ዓመት ውስጥ ስልሳ ሦስት ጊዜ የጠገነች ኤሌክትሪሺያን! በዘጠኝ ቀን ውስጥ በሦስት ፈታኞች ፊት ቀርባ ማሽን ጠግና ታሳይ፤ ካለፈች ኃላፊነቱ የሷ ነው።

ጋሽ ላሳይህ ደብዳቤውን ጮክ ብለው አነበቡት። "ይገባታል!" አሉ፤ ከልባቸው። ዓይናቸው ሁሉ አብርቷል።

የኤሌክትሪሺያኗ ፊት ግን አልበራም። "ጋሽዬ፣ ስልሳ ሦስት ጊዜ ጠግኛለሁ፣ በወረቀት። በእጄ አንዲት ብሎን ፈትቼ አላውቅም።"

"ምን አላት! ሰባት ዓመት አይተሽ የለም?"

"ሰባት ዓመት ሰው ሲዋኝ ያየ ሰው ባሕር ውስጥ ይጣላል እንዴ?"

"ቀላል ነው። ነይ፣ ላሳይሽ።"

አሳዩዋት። በምሳ ሰዓት ማሽኑ ሥራ ስለሚያቆም ሲስተር በሩን ትከፍትልናለች። ሰኞ አሳዩዋት። ማክሰኞ "አሁን አንቺ" ብለው የብሎን መፍቻ ቁልፉን ሰጧት፤ ግማሽ ዙር ሳታዞር ተቀበሏት። ረቡዕ ራሳቸው እየተሳቀቁ "ዛሬስ አልነካም" ብለው ማሉ። እጃቸው መሐላውን አልሰማም። ሲስተር እንኳን ታዘበች። "ፈተናው የጋሽዬ ነው የሷ?" አለችኝ።

ኤሌክትሪሺያኗ ከማሽኑ ፈቀቅ አለች። "አልሄድም" አለች። "ፈተናው ላይ ቀርቤ ከምዋረድ እዚሁ ፊውዝ ባቀብል ይሻለኛል። ሰው ቢጠይቃችሁ አልፈልግም አለች በሉ።" አላለቀሰችም። ይህን የምጽፈው ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ያስለቅሳት ስለነበር ነው። መጽሐፏን ዘግታ ወጣች።

ጋሽ ላሳይህ ቁልፉን እንደያዙ ቀሩ።

መላውን ያመጣው ቧንቧ ሠራተኛው ነው። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ኤሌክትሪሺያኗን ለምኖ፣ ግማሹንም ጎትቶ አመጣት። ከዚያ ሁለት ትልልቅ ባትሪ ከኪሱ አወጣ።

"ጋሽዬ፣ ማሽኑ ውስጥ ጨለማ ነው። አንዱን ከቀኝ፣ አንዱን ከግራ ይያዙልን።"

"እኔ?"

"እርስዎ። አንድ እጅዎ ባዶ ከሆነ አይበራልንም።"

ያዙ። በሁለት እጃቸው፣ ሁለት ባትሪ። እንደዚያ ዓይነት ሥቃይ አይቼ አላውቅም። ኤሌክትሪሺያኗ የመጀመሪያዋን ብሎን ልትፈታ ቁልፉ ሲንሸራተት የሳቸው ትከሻ ዘለለ። ሁለተኛ ሲንሸራተት ግንባራቸው አላበው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ብርሃኑ ሁለት ጊዜ ወደ ቁልፉ ተጠጋ።

"ጋሽዬ፣ ብርሃን!" አለ ቧንቧ ሠራተኛው። "ወደ ግራ ያድርጉ።" አሥራ ስድስት ዓመት የጠበቃት ቃል ናት፤ አጣጥሞ ተናገራት።

ብሎኖቹን መፍታት ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። እሳቸው በስድስት ደቂቃ ይጨርሱት ነበር። ጎማውን አወጣች፣ አዲሱን ግን አላስገባችም። መጽሐፏን ገለጠች፤ ክር ወጥራ የበሩን ክንድ ከላይ እስከ ታች ለካች፤ ደግማ ለካች።

"መዶሻውን! ሦስት ጊዜ ብቻ!" አሉ ጋሽ ላሳይህ። አፋቸውን ይዘው መቆየታቸው እስከዚያ ድረስ ነው።

"መጽሐፉ ላይ መዶሻ የለም፣ ጋሽዬ።" ከወገቧ ቀና ሳትል ነው የመለሰችው። "ጎማው ምንም አልሆነም። ክንዱ ነው የተጣመመው። በሩ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚጫን ጎማውን በየወሩ ይበላዋል።"

"ክንዱን ምን አጣመመው?" አሉ እሳቸው።

ሲስተር ጣሪያውን አየች። ሁለቱ ብርሃኖች የበሩ ክንድ ላይ አርፈዋል፤ እዚያ ላይ፣ አንድ ቦታ፣ የመዶሻ ጠባሳ እንደ ፈንጣጣ ተደራርቧል። ስልሳ ሦስት ጊዜ ሦስት።

ክንዱን ፈትታ፣ ክፍላችን ወስዳ ሞርሳው ላይ አቃናችው፤ መልሳ ገጠመችው። የድሮውን ጎማ መለሰች። ማሽኑ ተነሳ፤ ጠብታ እንፋሎት አልወጣም። ጋሽ ላሳይህ ሁለቱን ባትሪ እንደያዙ ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ባትሪዎቹን ማጥፋት እንዳለባቸው እንኳ ረስተው ነበር።

የፈተናው ዕለት እኔ መዝገቡን ይዤ ሄድኩ፤ እሳቸው እንደ ቅርብ አለቃ እንዲታዘቡ ተጠርተው ሄዱ። የሰጧት ማሽን ከኛ የተለየ፣ አሮጌ ነው፤ የሽፋኑ ዳዶ የሚፈታው በግልባጩ ነው። ስትጀምር ወደምናውቀው አቅጣጫ አዞረችው። አልተነቃነቀም። ጠበቅ አድርጋ ሞከረች። ወደ ጋሽ ላሳይህ አየሁ። አውቀዋል። ገና ማሽኑን ሲያዩ ነው ያወቁት። ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ተነሳ፣ ትንሽ በአየር ላይ ቆየ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር ከተው ተቀመጡባቸው።

እሷ ቁልፉን አውጥታ ዳዶውን በጣቷ ዳሰሰች፤ የጥርሱን አቅጣጫ አየች። በግልባጩ አዞረችው። ተፈታ። ለሥራው አርባ አምስት ደቂቃ ሰጥተዋት ነበር፤ በሠላሳ አንዱ ጨረሰች።

የፈታኞቹ ሊቀመንበር መነጽራቸውን አውልቀው መዝገቡን ገለጡ። "ሥራሽ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንድ ማሽን፣ አንድ ዓይነት ብልሽት፣ ስልሳ ሦስት ጊዜ። ይህ ጥገና ነው ወይስ ቀልድ?"

መልስ ነበራት፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ጣት መቀሰር ነው።

"ስልሳ ሦስት ጊዜ ምልክቱን ነው የጠገንኩት" አለች። "ምክንያቱን ያገኘሁት ባለፈው ሐሙስ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ጋሽ ላሳይህ ተነሱ። ኪሳቸው ተንኳኳ። "የሷ አይደለም። መዶሻው የኔ ነው። ያን ማሽን ከኔ በቀር የነካው ሰው የለም። እሷን የከለከልኳት እኔ ነኝ። መዝገቡ ውሸት ነው።"

ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ሊቀመንበሩ ግን አንድ ቃል አላመኑም። ገጽ ገለጡ፣ ሌላ ገጽ ገለጡ። "ጋሼ" አሉ በአክብሮት፣ "በዘጠኝ ዓመት መዝገብ ውስጥ ስምዎ አንድ ቦታ የለም። አንድ አምፖል እንኳ አልቀየሩም። መዶሻ በየት በኩል እንደሚያዝ ያውቃሉ?" ፈታኞቹ ሳቁ። ወደ ኤሌክትሪሺያኗ ዞረው "የታደልሽ ነሽ። ጥፋትሽን የሚሸከምልሽ አለቃ አለሽ" አሏት።

አለፈች። የፈታኞቹ ደብዳቤ በሳምንቱ ደረሰ፤ ስለ ጋሽ ላሳይህ ሁለት ነጥብ ይዟል። አንደኛ፣ የበታቹን ስህተት በራሱ ላይ ለመውሰድ የማያመነታ አርአያ የሚሆን መሪ በመሆናቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ሁለተኛ፣ ከተግባራዊ ሥራ ጋር ጨርሶ የማይተዋወቁ ስለሆነ ለሁለት ሳምንት የጀማሪዎች የጥገና ሥልጠና ይውሰዱ። የመጀመሪያው ትምህርት ርዕስ "የእጅ መሣሪያዎች ስምና አያያዝ" የሚል ነበር። ቧንቧ ሠራተኛው ይህችን ገጽ አባዝቶ ግድግዳው ላይ ለጥፏታል፤ ልክ የመዶሻው ሥዕል ባለበት።

ከፈተናው ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጠየቅኳቸው። ዘጠኝ ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየ ጥያቄ ነው። "ጋሽዬ፣ ለምንድነው የኛን ስም ያስጻፉኝ? ማሽን ቢፈነዳ ብለው ነው?"

ጥያቄው መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው አዘኑብኝ። "ሥራችሁን ከእጃችሁ ወሰድኩ" አሉ። "እጄ እምቢ ይለኛል፤ አውቃለሁ እኮ። ታዲያ ስማችሁንም ልውሰድ?"

መልሴን አልጠበቁም፤ ሹፌሩ ማርሽ እንዴት እንደሚቀይር ሊያሳዩት ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬ ስለ ሰውየው ያለኝን አስተያየት አልለወጥኩም። አሥራ ስድስት ዓመት የአንድ ሰው እጅ ባዶ አስቀምጠዋል፤ ሰባት ዓመት የአንዲት ልጅ ፒንሳ ልጠዋል፤ አንድ ጤነኛ ማሽን በመዶሻ ሲያሳምሙ ኖረው ሐኪሙ እኔ ነኝ ብለዋል። ሰው መምራት ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ ቢሆን፣ ሁለት ባትሪ መያዝና አፍ መዝጋት ነው እላቸው ነበር። አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝም መልሱን ራሳቸው ይነግሩኝ ነበር።

ኤሌክትሪሺያኗ ሄደች፤ ፒንሳዋንም ይዛ። አውቶክሌቩ እስከዛሬ አልተበላሸም። ሲስተር አንዳንዴ ትደውላለች፤ "ምነው ጠፋችሁ?" ትላለች።

ጋሽ ላሳይህ ከሥልጠናው የተመለሱት አሠልጣኙን አሠልጥነው ነው። በተመለሱ በሦስተኛው ቀን የእናቶች ክፍል መታጠቢያ እንደገና ፈሰሰ። ከመታጠቢያው ሥር የወጡት እግሮች በዚያን ዕለት ወፍራም ነበሩ፤ የቧንቧ ሠራተኛው። ጋሽ ላሳይህ በርከክ ብለው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ከኪሳቸው ሁለት ባትሪ አውጥተው ያበራሉ። አርባ ደቂቃ። ከንፈራቸው እንደ ጸሎት ይንቀሳቀስ ነበር።

ከሥራ መውጫ ላይ መዝገቡን ከፈትኩ። "ሥራውን ያከናወነው" የምትለው ዓምድ ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛውን ስም ጻፍኩ፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለሱ የጻፍኳት የመጀመሪያዋ እውነት ናት። ከዚያ "ማስታወሻ" የምትለው ቦታ ላይ የጋሽ ላሳይህን ትክክለኛ ስም ጻፍኩና "ብርሃን ይዘዋል" ብዬ ጨመርኩ።

ከኋላዬ ኪስ ተንኳኳ።

"ቆይ፣ ላሳይህ።"

ብዕሩን ለቀቅኩላቸው። ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ስም በሁለት መስመር ሰረዙት። እግረ መንገዳቸውን የጻፍኩትን ቀን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሱንም አርመው ሌላ ጻፉ። ተሳስተው። አንድ ቀን ቀድመው ነበር።

አላረምኩትም።